«ደም ያስቀምጠኛል»

በጋፋትና በደብረ ታቦር ዙሪያ አንድ አዛውንት ጤና ጣቢያ ገብተው «አባባ፣ ምንዎን አመመዎት?» ሲባሉ ቶሎ አይመልሱም። ግራ ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ውጭ ስወጣ ደም ያስቀምጠኛል» ይላሉ። ከአፋቸው የወጣው የተሄደበት ቦታና የሰውነት አኳኋን ነው፤ የነገሩ ስም አልተነሣም።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ያበጃቸው ቃላት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። «ተቀመጠ» ከሚለው «አስቀመጠው» ወጣ፤ «ተቅማጥ»ም «መቀመጫ»ም የዚያው ግሥ ልጆች ናቸው። «ሜዳ ወጣ» ቦታውን ይጠራል። «ዓይነ ምድር» ደግሞ ሁለት የግእዝ ቃላት ተናበው ያቆሙት ስም ነው። ዓይን በሴም ቋንቋዎች ገጽንም ይላል፤ በዕብራይስጡ ኦሪት ዘጸአት 10፥5 አንበጣ የሚሸፍነው የምድር ገጽ ቃል በቃል «የምድር ዓይን» ነው። በእኛ ዘንድ ግን ሰው ሜዳ ላይ ትቶት ለሚሄደው ነገር የጨዋ ስም ሆነ። ጨዋነቱን እወደዋለሁ፤ ሐኪም ፊት ግን ዋጋ ያስከፍላል።

 

ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ኪንታሮት» ነው። እጅ ላይ ለሚበቅለውም ፊንጢጣ ላይ ለሚያብጠውም አንድ ስም ነው፤ ደም ያየ ሰውም ቀድሞ የሚያነሣው እሱኑ ነው። ስም ከተገኘለት በኋላ የባህል መድኃኒተኛ ፍለጋ ይኬዳል፣ ወራት ያልፋሉ። የትልቁ አንጀት ካንሰርም በዚያው በኩል ይደማል፤ ያውም ብዙ ጊዜ ለዓይን በማይታይ መጠን።

ለዚህኛው «ስውር ደም» የሚለው ስም ይስማማዋል። «ሰወረ» በግእዝ ሸሸገ፣ ጋረደ ነው፤ የልብስ ሰፊው «ስውር ስፌት»ም ከዚያ መጣ። የተሰወረውን የሚያወጣው የሰገራ ምርመራ ነው። የቆየው ዓይነት፣ ጓያክ ከተባለ ዛፍ ሙጫ የሚሠራው፣ ጥሬ ሥጋ የበላን ሰው ደም አለበት ሊል ይችላል። አዲሱ የሚለየው የሰውን ሄሞግሎቢን ስለሆነ ቁርጥ ለሚወድ ሀገር ይሻላል። ሆኖም በጣና ዳር፣ በፎገራ በኩል ብልሃርዝያ አለ፤ እሱም አንጀት ያደማል። ትል ተገኘ ተብሎ ነገሩ እዚያ ሊዘጋ አይገባም።

ከምርመራው በኋላ የሚመጣው «ክትትል» ከ«ተከተለ» ነው፤ ት ፊደሉ መደገሙ ሥራው ተደጋጋሚ መሆኑን ያሳያል። ደም የተገኘበት ሰው ሪፈር ተጽፎለት፣ ባሕር ዳርም ይሁን ጎንደር ሄዶ፣ አንጀቱ በኮሎኖስኮፒ መታየት አለበት። ያልተገኘበትም ነፃ ነህ ተብሎ አይሰናበትም፤ የካንሰሩ ልየታ በተደራጀባቸው ሀገሮች ምርመራው በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይደገምለታል።