ከአድዋው እንዶድ እስከ ቨርጂኒያው ሳሙና

ተማሪን መሸለም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አገር ቤት የተማረ ሁሉ ሰኔ 30ን ያስታውሳል። ግቢው በወላጆች ይሞላል፤ ርእሰ መምህሩ ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን በስም ይጠራሉ፤ ልጁ በጭብጨባ መካከል ወጥቶ ደብተር ወይም መዝገበ ቃላት ተቀብሎ ይመለሳል። እኔም የታክሲ መሪ ከመጨበጤ በፊት የሁለተኛ ደረጃ መምህር ስለ ነበርሁ ያንን የስም ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ። ሥርዓቱ ብዙ ጎበዞች አፍርቷል። የሚያከብረው ግን የተጠየቀውን በትክክል የመለሰውን ነበር። ማንም ያልጠየቀውን የጠየቀ ልጅ ሽልማት አልነበረውም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ልጅ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጠያቂ ሰው ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ከታሪካችን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ለማጥናት አድዋ ሄደው ሳለ፣ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ። ከማጠቢያው ቦታ ዝቅ ብሎ ደግሞ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። የቢልሃርዚያ ተውሳክ ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ነገር የበሽታውን መተላለፊያ ይቆርጣል ማለት ነው። እናቶቻችን በእንዶድ ሲያጥቡ የኖሩት ከጥንት ጀምሮ ነው። አዲስ የነበረው እንዶዱ ሳይሆን «እነዚህ ለምን ሞቱ?» የሚለው ጥያቄ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ በ1966 በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ተቋም መሠረቱ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከብዙ ዓይነት እንዶድ ውስጥ ኃይለኛውን መርጠው አወጡ። ሆኖም የውጭ ድርጅቶች አፍሪካ ውስጥ የተደረገውን ምርመራ በቀላሉ አልተቀበሉትም፤ ድካማቸው ለዓመታት ተጓተተ። ሁለቱ ምሁራን «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። ከአድዋው ወንዝ እስከዚያ መድረክ 25 ዓመት ፈጀ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ።

አገር ቤት በዚያ ዘመን ሽልማት ጠፍቶ አልነበረም። በ1960ዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ከበደ ሚካኤልን፣ አፈወርቅ ተክሌንና ፀጋዬ ገብረ መድኅንን የመሳሰሉ ሰዎችን አክብሯል። ሁሉም ይገባቸው ነበር። ነገር ግን እነሱ ስማቸውን ያስጠሩ አዋቂዎች ናቸው። ጠያቂውን ገና በልጅነቱ ፈልጎ የሚያገኝ ልማድ በሰፊው አልነበረንም።

አሜሪካኖች ይህን የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አገር አቀፍ የሳይንስ ተሰጥኦ ፍለጋ በ1942፣ በጦርነቱ መካከል ተጀመረ። ዛሬ ዓለም አቀፍ የሆነው የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ውድድር ደግሞ በ1950 ፊላደልፊያ ላይ በ30 ተማሪዎች ተከፈተ። አሠራሩ ከፈተና ይለያል። ልጁ ራሱ ጥያቄ ያወጣል፤ ይሆናል ያለውን ግምት ይጽፋል፤ ይሞክራል፤ የሆነውንም ያልሆነውንም በመዝገቡ ያሰፍራል፤ በመጨረሻ በሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ለዳኞች ያስረዳል። ግምቱ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እንኳ በደንብ የመረመረ ልጅ ይከበራል። ከትምህርት ቤት ወደ ካውንቲ፣ ከካውንቲም ወደ ላይ ይወጣል።

ይህ ዓለም አቀፍ ውድድር በ2011፣ በ2014፣ በ2017 እና በ2024 የተካሄደው እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ በኮንቬንሽን ማእከሉ ነው። በየጊዜው ከ1,500 በላይ ወጣቶች መጥተዋል። ከፌርፋክስ ተነሥቶ በፒኮ መንገድ ወደ ምሥራቅ ቀጥ ብሎ ለነዳ ሰው እዚያው ፒኮ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ፌርፋክስ፣ ወደ ቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ እንሂድ። ሄመን በቀለ አዲስ አበባ ተወልዶ በአራት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የመጣ ልጅ ነው። በሕፃንነቱ አገር ቤት በጠራራ ፀሐይ የሚሠሩ የጉልበት ሠራተኞችን ማየቱን አልረሳም። ካደገ በኋላ ፀሐይ ቆዳን ምን እንደምታደርግና ሕክምናው ምን ያህል ውድ እንደሆነ ሲገባው፣ «ድሃ ሊገዛው በሚችል ነገር ማከም አይቻልም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ቤት የማይጠፋውን ሳሙና መረጠ። በጥቅምት 2023፣ በ14 ዓመቱ፣ ስሪ ኤም ኩባንያና ዲስከቨሪ ኤጁኬሽን በሚያዘጋጁት የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አንደኛ ወጥቶ 25,000 ዶላር ተሸለመ። በ2024 ታይም መጽሔት የዓመቱ ልጅ ብሎ መረጠው። ሳሙናው ገና በምርምር ላይ ያለ እንጂ ለሕሙማን የሚታዘዝ መድኃኒት አይደለም። ዋናው ቁም ነገር ግን ከሽልማቱ በኋላ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የመሥራት ዕድል ማግኘቱ ነው። ዶክተር አክሊሉም ዶክትሬታቸውን ያገኙት ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ነበር።

ሁለቱም ታሪኮች ከማጠቢያ ነገር ይነሣሉ፤ ሁለቱም የድሃውን ሰው ጤና ያስባሉ። አንደኛው ክብር 25 ዓመት ዘገየ፤ ሁለተኛው ልጁ ጢም ሳያበቅል ደረሰ። ልጁ ከዶክተሩ ስለሚበልጥ አይደለም፤ ጠያቂ ልጅን አስቀድሞ የሚፈልግ መድረክ ስላገኘ ነው። እንዲህ ያለ ሽልማት በር ይከፍታል፤ መምህር፣ ቤተ ሙከራና ጊዜ ያስገኛል።

እኛስ? «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል። አዲስ አበባ የተወለዱት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ፣ የታላቁ የግእዝ ሊቅ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ፣ ከ1996 እስከ 2015 እዚሁ ፓሳዴና በካልቴክ በኃይል ምንጭ ምርምር ስማቸውን ሲያስጠሩ፣ ከእኛ መካከል ስንቱ ያውቃቸው ነበር? ለእግር ኳስ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ከክፍለ አገር ክፍለ አገር የሚያሰባስበን ፌዴሬሽን አለን። ለዘፋኝም አዳራሽ እንሞላለን። በዚህ የሚያፍር የለም። ነገር ግን ሌሊቱን ወጥ ቤት ውስጥ ባቄላ በጥጥ ሲያበቅል ያደረው ልጅ ማን ያጨበጭብለታል?

አንድ ቀን ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ አንድ ሹፌር ወንድማችን ከልጁ ቦርሳ ያገኘውን ወረቀት እንዳነብለት ሰጠኝ። ልጁ አጥፍቶ የተላከ ክስ መስሎት ነበር። ልጁ በካውንቲው የሳይንስ ውድድር እንዲሳተፍ የወላጅ ፊርማ የሚጠይቅ ወረቀት ነው። አባት በቀን 12 ሰዓት እየነዳ፣ እናት ማታ እየሠራች፣ እንዲህ ያለው ወረቀት ስንት ቤት ሳይፈረም ይቀራል!

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ከኦሊምፒክ እስከ ፒኮ ባለው ሰፈራችን፣ ለልጆቻችን ጥቂት ጠረጴዛዎች እንዘርጋ። ሰሌዳቸውን ይዘው ይቁሙ፤ አያቶችም በአማርኛ «ልጄ፣ ምን ጠየቅህ? ምንስ አገኘህ?» ይበሏቸው። አንደኛ፣ ሁለተኛ ማለት አያስፈልግም፤ ደረጃውን ካውንቲው ያወጣዋል። ከእኛ መካከል ያሉ ኢንጂነሮች፣ ነርሶችና የላቦራቶሪ ሠራተኞች በዓመት ጥቂት ቅዳሜዎች ያስጠኗቸው። ሙከራው የከሸፈበትም ልጅ አይቅር፤ «ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ» ነውና።

ወጪው ከአንድ ድግስ አይበልጥም። ልጁ ግን ጥያቄው በወላጆቹ ቋንቋ ሲከበር ካየ፣ ነገ የሚሠራው ሳሙና ለማን እንደሆነ አይረሳም።

ቸር ይግጠመን።