የአእምሮ ሕመምና ወጪው በካፋ፤ ከአላሞ ቤት እስከ ጤና መድን

ሕመም ወደ ቤት ሲገባ ሁለት ጥያቄዎች ተከታትለው ይመጣሉ። አንደኛው «ማን ያድነዋል?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ወጪውን ማን ይችለዋል?» የሚል ነው። ስለ ባሕላዊ ሕክምና የሚጽፉ ሰዎች ዘወትር የሚያተኩሩት በፊተኛው ላይ ነው። እኔ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ቦንጋንና የካፋን አገር ምሳሌ በማድረግ ኋለኛውን ጥያቄ ለመመርመር እሞክራለሁ። ለማሳየት የምፈልገውም ይህን ነው፤ የጋራ ገንዘብ ለምን ለምን እንደሚከፈል የመወሰን ሥልጣን ያለው ክፍል፣ ምን ሕመም እንደሆነና ምን ሕመም እንዳልሆነ አብሮ ይወስናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካፋ እስከ 1897 ድረስ የራሱ ንጉሥ የነበረው አገር መሆኑ የታወቀ ነው። በዚያ ዓመት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የዳግማዊ ምኒልክ ጦር አገሩን ያዘ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተማረከ። ስለ አሮጌው ሥርዓት ካቆዩልን ሰዎች አንዱ በ1905 እና በ1909 ወደ ካፋ የተጓዘው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪኽ ቢበር ነው። መጽሐፉ በ1920 እና በ1923 በሁለት ጥራዝ ታትሟል። ከእርሱ በኋላ በ1960ዎቹ አምኖን ኦረንት በካፋ ተቀምጦ የጐሣውንና የመንፈሱን ግንኙነት አጥንቷል።

እነዚህ ጥናቶች እንደሚያስረዱት፣ በካፋ «ኤቆ» የሚባል መንፈስ አለ፤ ኤቆ የሚያድርበትም ሰው «አላሞ» ይባላል። አላሞነት በዘር የሚወርድ ሲሆን፣ አላሞው አብዛኛውን ጊዜ የጐሣው ታላቅ ሰው ነበር። የጐሣው ልጆች ሕመም ወይም ሌላ መከራ ሲደርስባቸው ወደ አላሞው ቤት ይሄዳሉ። መንፈሱም በአላሞው አፍ እየተናገረ የመከራውን ምክንያት ይገልጻል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሰውየው ገላ ውስጥ ሳይሆን በኑሮው ውስጥ ነው፤ የተረሳ ስለት፣ ያልተፈጸመ ግዴታ፣ በዘመድ ላይ የተሠራ በደል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ መሥዋዕት፣ ንስሐና ዕርቅ ነበር።

ይህን ሥርዓት ከወጪ አንፃር ስንመለከተው ሦስት ነገሮች ጐልተው ይታያሉ። በመጀመሪያ፣ ታማሚው ብቻውን አይቆምም፤ ጉዳዩ የዘመዶቹም ጉዳይ ስለሆነ ሸክሙ በመጠኑም ቢሆን ይከፋፈላል። ሁለተኛ፣ የገላ ሕመምና የመንፈስ ጭንቀት በሁለት ደጃፍ አይገቡም፤ ልጁ የሞተበትም፣ እንቅልፍ የነሣውም፣ ከብቱ ያለቀበትም በአንድ ቤት ይስተናገዳሉ። ሦስተኛ ግን ሥርዓቱ ድንበር አለው። የጐሣው አላሞ በቅድሚያ የጐሣው ነው። በካፋ ኅብረተሰብ ውስጥ የማንጆ ወገኖች ከሌላው ሕዝብ ተለይተው፣ በማዕድና በጋብቻም ተገልለው እንደኖሩ ስናስታውስ፣ የድሮው መረዳዳት ለሁሉም እኩል ነበር ብሎ ማሞገስ ስሕተት መሆኑን እንረዳለን።

ከ1897 በኋላ አላሞው ብቸኛው ደጃፍ መሆኑ ቀረ። ከሰሜን የመጡት ካህናት የጸበሉን ሕክምና አጠናከሩ። የመንግሥት ሕክምናም ቆይቶ መጣ፤ ለአእምሮ ሕመምተኞች ግን እጅግ ሩቅ ነበር። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት ለአገሩ ሁሉ ዋናው የአእምሮ ሕክምና ቦታ ሆኖ ቆየ። ቦንጋ ከዚያ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ካፋ ጠቅላይ ግዛት በነበረበት ዘመን እንኳ ዋና ከተማው ጅማ እንጂ ቦንጋ አልነበረም። መንግሥት በ1948 ባወጣው የሐኪሞች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 100 ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ ባሕላዊ ሕክምናን አልከለከለም። አልከለከለም ማለት ግን ወጪውን ቻለለት ማለት አይደለም። በ1990ዎቹ ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ባደረጉት ጥናት፣ ሕዝቡ ለገላ ሕመም ዘመናዊውን ሕክምና ሲመርጥ፣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም ግን ባሕላዊውን እንደሚያስቀድም ተገንዝበዋል።

የጋራ ገንዘብ ጥያቄ በሕግ መልክ የቀረበው በቅርቡ ነው። በ2010 የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ። በ2011 ደግሞ ለገበሬውና ለትንንሽ ነጋዴው የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ካፋ ከእነዚህ ውስጥ አልነበረችም፤ ለእርሷ ቅርብ የነበረችው በጅማ ዞን ያለችው ሊሙ ኮሳ ናት። በዚህ መድን ቤተሰቡ በዓመት መዋጮ ይከፍላል፤ በሙከራው ጊዜ የፌዴራሉ መንግሥት በመዋጮው ላይ 25 በመቶ ይጨምር ነበር። መድኑ ውል የሚገባው ከጤና ጣቢያና ከሆስፒታል ጋር ነው። ስለዚህ አላሞውም፣ ባለ ሥራ ሥሩም፣ ጸበሉም ከውሉ ውጭ ናቸው።

የሱስ ነገር ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ለደመወዝተኞች የታሰበውን መድን ለማስፈጸም በ2012 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 271፣ መድኑ የማይሸፍናቸውን ነገሮች ሲዘረዝር፣ ለማስዋብ ከሚደረግ ቀዶ ጥገናና ከመነጽር ጋር ከሱስ ጋር የተያያዘ ሕክምናንም አስገብቶታል። የዚህ ማኅበራዊ መድን ተግባር ለብዙ ዓመታት ቢዘገይም፣ ሐሳቡ ግን በሕግ ተጽፎ ይገኛል፤ ሱስ እንደ ጥፋት እንጂ እንደ ሕመም አልተቈጠረም።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ከቦንጋ ራቅ ባለ ቀበሌ የሚኖር አንድ ገበሬ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት እንበል። አንደኛው ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ሁለተኛው አረቄ ካልጠጣ እጁ ይንቀጠቀጣል። አባት መጀመሪያ የሚሄደው ጎረቤቶቹ ወደሚያውቁት ባለ መድኃኒት ነው፤ በግ ይሸጣል። ቀጥሎ ጸበል ይወስዳቸዋል፤ ለስንቅና ለማረፊያ ማሩን ይሸጣል። በመጨረሻ ሆስፒታል ሲደርስ የመድን ደብተሩን ያወጣል። ደብተሩ የሚረዳው ከዚህች ቀን ጀምሮ ነው፤ እስከዚያ ያለው ወጪ ደረሰኝ የለውም። ሁለተኛውን ልጅ ግን፣ በ2012ቱ ደንብ መንፈስ ከተፈረደበት፣ ያችም ቀን አትጠቅመውም። አንድ ቤት፣ አንድ መዋጮ፣ ሁለት ፍርድ ማለት ይህ ነው።

እንዲህ ያለው ፍርድ የማይለወጥ እንዳልሆነ የሌላው ዓለም ታሪክ ያስተምረናል። ጀርመን የሕመም መድንን ሕግ ያደረገችው በ1883 ነው፤ የመጠጥ ሱስ በመድኑ ዘንድ ሕመም መሆኑን የፌዴራሉ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት የወሰነው ግን በ1968 ነው። ሰማንያ አምስት ዓመት ፈጀ። በናይጄሪያም ዶክተር ላምቦ ከ1954 ጀምሮ በአቤኦኩታ አጠገብ ባለው በአሮ፣ ሕመምተኞች ከዘመዶቻቸው ጋር በመንደር እየኖሩ የሚታከሙበትን ሥርዓት አቋቋሙ፤ ከባሕል ሐኪሞችም ጋር አብረው ሠሩ። በ1978 የወጣው የአልማ አታ መግለጫም የባሕል ሐኪሞችን እንደ አስፈላጊነቱ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅ ተባባሪዎች አድርጎ ጠቅሷቸዋል።

እንግዲህ መድኑ ለአላሞ መሥዋዕት ይክፈል ማለት ነውን? አይደለም። የጋራ ገንዘብ የሚወጣው ሊመረመርና ሊቈጣጠሩት ለሚቻል ሥራ መሆን አለበት፤ መንፈስ ደግሞ ሒሳብ አያቀርብም። በየቦታው ሕመምተኛን በሰንሰለት ማሰርና ከሐኪም ማዘግየት መኖሩም ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ከአሮጌው ሥርዓት ሊወሰዱ የሚገባቸው ሁለት ቁም ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ሕመምተኛን ከዘመዱ ሳይለዩ ማከም ነው፤ ለአስታማሚው ዘመድና ለመጓጓዣው የሚወጣው ገንዘብ የሕክምናው ክፍል ሆኖ ሊቈጠር ይገባዋል። ሁለተኛው፣ በደጃፍ ላይ ፍርድ አለመስጠት ነው። አላሞው በደለኛውን እንኳ «በድለሃልና አትግባ» አላለውም፤ በደሉን ሰምቶ የሚታረቅበትን መንገድ ነገረው። ደንቡ ግን ሰካራሙን ሳይሰማው መለሰው።

በዚህ ነገር ላይ ገና ብዙ መመርመር አለበት። በተለይ የካፋ ሽማግሌዎች በየቤቱ ስለነበረው ወጪ የሚያስታውሱትን፣ ምን እንደተሸጠ፣ ማን እንደረዳ፣ ማን እንደተመለሰ፣ እነርሱ ሳያልፉ መጻፍ ይገባናል። የቋንቋው ተናጋሪ የሆኑ ጓደኞቻችን በዕረፍት ወራት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይህን ሥራ ቢጀምሩት፣ ወደፊት የመድን ደንብ የሚያረቅ ሰው የሚመለከተው የራሳችን መዝገብ ይኖረዋል።