አካል በሊቃውንትና በወጌሻ ዘንድ፤ ስለ ፍልስፍናና ስለ ፊዚዮቴራፒ ትምህርት ከአዘዞ የተነሣ አጭር የታሪክ ጥናት

አዘዞ ከጎንደር መካከለኛ ከተማ በስተ ደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ለመንገደኛው የአውሮፕላን ማረፊያና የመንገድ መገናኛ ናት፤ የባሕር ዳሩ መንገድ በእርሷ ያልፋል፣ ወደ መተማ የሚወርደውም ከእርሷ ይገነጠላል። ለታሪክ ተማሪ ግን አዘዞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላት።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጡ ሁለት ትምህርቶች፣ ማለት ፍልስፍናና ፊዚዮቴራፒ፣ በአገራችን ምን ዓይነት መሠረት እንዳላቸው መመርመር ነው። ሁለቱን በአንድ ገጽ ማቅረባችን ለአንባቢ እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ አንደኛው የሐሳብ፣ ሁለተኛው የጡንቻና የመገጣጠሚያ ትምህርት ነውና። ይሁን እንጂ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ከመቆሙ በፊት በዚሁ ምድር የቀደሙ ባለሙያዎች ነበሯቸው፤ የፊተኛው ሊቅ ይባላል፣ የኋለኛው ወጌሻ። ሊቁ ጉባኤ ቤትና መጽሐፍ ነበረው፤ ወጌሻው ግን ከእጁና ከትዝታው በቀር መዝገብ አልነበረውም። ይህ ልዩነት ያስከተለውን ነገር ማሳየት የጽሑፋችን ፍሬ ነገር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የሊቃውንቱ አካል

ዐፄ ሱስንዮስ (1607–1632) በአዘዞ ቤተ መንግሥትና ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ሥራው የተከናወነው በኢየሱሳውያን መነኰሳት ዘመን ነው፤ በእኛ ዘመንም ከስፔን የመጡ የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ስፍራውን ቆፍረው የሕንፃውን ፍርስራሽ አጥንተዋል። በ1626 ንጉሡ ለሮማ ቤተ ክርስቲያን መታዘዛቸውን በይፋ አስታወቁ። ከዚህም የተነሣ አገሪቱ በጦርነት ታመሰች፤ በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ተፈቀደ፣ ዙፋኑም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተላለፈ። ሱስንዮስም ሲሞቱ በዚያው በገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ።

የጦርነቱ ምክንያት ብዙ ነበር፤ ለሊቃውንቱ ግን ዋናው ጥያቄ የቃላት ትርጉም ነበር። ባሕርይ ምንድር ነው? አካልስ ምንድር ነው? በአንድ አካል ሁለት ባሕርይ ይኖራልን? ይህን የሚጠይቅ ሰው፣ ስሙን ፍልስፍና ብሎ ባይጠራውም፣ ፈላስፎች የሚጠይቁትን ይጠይቃል።

ክርክሩ በኢየሱሳውያኑ መባረር አላበቃም። በጎንደር ዘመን የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት አዘዞን መኖሪያቸው ስላደረጓት የአዘዞ ተክለ ሃይማኖት የማኅበሩ ታላቅ ደብር ሆነ። ከኤዎስጣቴዎስ ቤት መነኰሳት ጋር ስለ ቅባትና ስለ ተዋሕዶ ያደረጉት ሙግት ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆየ። በዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን (1716–1721) የቅባትን ውሳኔ ያልተቀበሉ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት በወታደር እጅ ተገደሉ። ነገሩ በመንግሥት ጉባኤ የተቈረጠው በ1878፣ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን፣ በቦሩ ሜዳ ነው። እንግዲህ በዚህ ምድር ማሰብ የሥራ ፈት ጨዋታ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ የደረሰው ስለ ተጻፈ ነው። ዜና መዋዕሉ፣ የትርጓሜው ጉባኤ ቤትና የቅኔው ትምህርት የሊቁን ጥያቄ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር አሻገሩት።

2. የእንፍራዙ ሐተታ

ከአዘዞ በባሕር ዳሩ መንገድ ወደ ደቡብ ሲኬድ እንፍራዝ ይገኛል። በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚጠራው ሐተታ እንደሚተርከው ደራሲው በሱስንዮስ ዘመን ከአክሱም አገር ሸሽቶ በዋሻ ከኖረ በኋላ በእንፍራዝ ተቀመጠ፤ በዚያም በመጻፍና በማስተማር ኖረ፣ ወልደ ሕይወት የተባለውንም ደቀ መዝሙር አሳደገ።

የመጽሐፉ ነገር አከራካሪ ነው። የብራናውን ቅጂ በ1850ዎቹ ወደ አውሮፓ የላከው ኢጣልያዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነበር፤ በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው ብሎ ጻፈ። በ1970ዎቹ ደግሞ በአዲስ አበባ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው በሰፊው ተከራከሩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ፍርድ አንሰጥም።

ለነገራችን የሚጠቅመን ሌላ ነጥብ ነው። በወልደ ሕይወት ስም የተጻፈው ሁለተኛው ሐተታ የእጅን ሥራ ያመሰግናል፤ ሰው በእጁ ሠርቶ እንዲኖር ይመክራል። የእጅ ባለሙያ በሚናቅበት አገር ይህ ቀላል ቃል አይደለም። ደራሲው ማንም ይሁን ማን፣ ልቡናና እጅ የተገናኙበት ጽሑፍ ይህ ነው።

3. የወጌሻው አካል

አካል የሚለው ቃል በሊቃውንት ጉባኤ ከባሕርይ ጋር የሚነሣ ረቂቅ ነገር ነው፤ በባላገሩ አንደበት ግን ሥጋና አጥንት ማለት ነው። ሊቁ በመጀመሪያው ትርጉም ሲሟገት ወጌሻው ሁለተኛውን በእጁ ይዞ ነበር።

የወጌሻ ሥራ ለአንባቢ አዲስ አይደለም። ልጅ ከዛፍ ሲወድቅ፣ ገበሬ በሬ ሲጥለው፣ ወጌሻ ይጠራል፤ የተጎዳውን ስፍራ በጣቱ ይዳስሳል፣ በቅቤ ያሻል፣ የወለቀውን ስቦ ይመልሳል፣ የተሰበረውንም በቀርከሃ ስንጥር ደግፎ በጨርቅ ያስራል። ይህ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ በማየትና በመዳሰስ የሚተላለፍ ነው። በግዕዝ የተጻፉት የመድኃኒት መጻሕፍት ያሉን ቢሆንም በብዛት የሚናገሩት ስለ ዕፅና ስለ ጸሎት ነው።

ያልተጻፈ ዕውቀት ሁለት ጉዳት አለበት። አንደኛው፣ መልካሙ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ስሕተቱ አይታረምም። አጥንት በተሰበረ ጊዜ በዙሪያው ያለው ሥጋ ያብጣል። ማሰሪያው ጠብቆ ከነበረ እብጠቱ መውጫ ስለሚያጣ የደም ሥሮችን ይጫናል፤ ደም ያልደረሰው ጣት ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል፣ ቆይቶም ይጠቁራል። ያን ጊዜ ሐኪሙ የሚቀረው ምርጫ መቍረጥ ነው። በገዛ ራሱ ሊድን ይችል በነበረ ስብራት እጁን ያጣ ሕፃን በአገራችን ሆስፒታሎች የታወቀ በሽተኛ ነው። ወጌሻው ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም፤ በሌላ መንደር በሌላ ወጌሻ እጅ የደረሰውን ተመሳሳይ ጉዳት የሚያነብበት መዝገብ ስለ ሌለው ነው።

በሌላ አገርም ነገሩ የተጀመረው እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ አገር ሰውነት ማሸት ስሙ የጠፋ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ በ1894 አራት ነርሶች ተሰብስበው የሠለጠኑ አሺዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ ፈተናና የሥራ ደንብ አወጡ፣ ያለፈውንም በመዝገብ ጻፉ። ከዚያ በኋላ የመጡት የዓለም ጦርነቶችና የፖሊዮ በሽታ ሥራውን አሰፉት። በ1951 የዓለም የፊዚዮቴራፒ ማኅበር በኮፐንሃገን ተመሠረተ። እንግዲህ የአሺ እጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባው በመጽሐፍና በፈተና በር ነው።

4. ሁለቱ ትምህርቶች በኮሌጅ

በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት አስተዳዳሪው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት ነበሩ። ከአዘዞና ከመላው አገር የተባረረው ማኅበር ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ ጥሪ ተመለሰ፤ ነገር ግን በተራ ልብስ፣ ሃይማኖት ሳይሰብክ እንዲያስተምር ነው። ፍልስፍናም በዚያ ኮሌጅ እንደ ዘመናዊ ትምህርት ተሰጠ፤ ከላይ የጠቀስናቸው ሰምነር ማስተማር የጀመሩት በ1953 ነው።

በዚያው በ1953 ከአዘዞ በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው በደምቢያ ሜዳ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ፤ 7,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይነገራል። በማግሥቱ ዓመት በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። ያሠለጥናቸው የነበሩት የጤና መኰንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የጤና ጥበቃ ባለሙያ (ሳኒታሪያን) ነበሩ። አሳቡ ትክክል ነበር፤ በመጀመሪያ ሞትን ማቆም ይገባልና። ከሞት ተርፎ ሽባ የሆነውን ሰው ማን ያነሣዋል የሚለው ጥያቄ ግን ገና አልተነሣም ነበር።

ይህ ጥያቄ በቅድሚያ የተነሣው በሌላ ስፍራ ነው። በ1962 የቼሻየር ድርጅት በአገራችን ሥራውን ጀምሮ በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን ረዳ፤ በ1965 የተመሠረተው አለርት ደግሞ የሥጋ ደዌ የጎዳቸውን እጆችና እግሮች መልሶ ማሠራት ከሥራው አንዱ አደረገ። በጎንደር ኮሌጁ በ1978 የሐኪሞች ማሠልጠኛ ሆነ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታትም ወደ ዩኒቨርሲቲነት ሲያድግ በአገሪቱ የመጀመሪያው የፊዚዮቴራፒ የባችለር ዲግሪ ትምህርት በዚያ ተጀመረ። የወጌሻው ሙያ በአናቶሚና በፊዚዮሎጂ ታግዞ ወደ መጽሐፍ የገባው፣ ሊቁ ከገባ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ፣ በዚያው በጎንደር ምድር ነው።

5. ከዚህ የምንማረው

በ2019 የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች እንደገና ሲደራጅ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ እንዲሁም የአካል ብቃት፣ ተማሪው ሊወስዳቸው ከሚገቡት መካከል ገቡ። ነገ ፊዚዮቴራፒ የሚያጠናው ወጣት ስለዚህ አስቀድሞ የማስረጃና የመደምደሚያን ነገር ይማራል። ብዙ ተማሪዎች ይህን እንደ ግዴታ ብቻ ያዩታል፤ እኛ ግን ለሙያው አስፈላጊ ነው እንላለን።

ምክንያታችንም ይህ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በገጠር ሲሠራ የሚያገኘው በሽተኛ በቅድሚያ ወጌሻ ዘንድ የነበረ ሊሆን ይችላል። ወጌሻው ብዙዎችን አድኛለሁ ይላል፤ እውነቱን ነው። ከዚህ ተነሥቶ ማሰሪያው አይጎዳም ቢል ግን መደምደሚያው አይከተልም፤ የዳኑት ይታያሉ፣ የተቈረጠባቸው ግን ወደ እርሱ አይመለሱምና። ይህን ያለ ንቀት ማስረዳት የሎጂክ ሥራ ነው። እንደዚሁም ባለሙያው ወጌሻ ሁሉ አጥፊ ነው ቢል ያው ስሕተት በሌላ ፊት ነው፤ ሆስፒታል የሚመጡት የተጎዱት ብቻ ናቸውና። ማሰሪያውን እንዲያላላ፣ የጣቱን ሙቀትና ቀለም በየሰዓቱ እንዲያይ፣ ከደነዘዘ ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል እንዲልክ ወጌሻውን ማሳመን የአንድ ሕፃን እጅ ማትረፍ ነው።

የፍልስፍና ተማሪም ከዚህ ድርሻ አለው። አባቶቻችን አካል በሚለው ቃል እስከ ደም ድረስ ከተከራከሩ፣ እኛ በዚያው ቃል ሁለተኛ ትርጉም ላይ ዝም ማለት አይገባንም። ሽባ ሰው መልሶ ቆመ ሲባል ዳነ ማለት ነውን? ወይስ ቆሞ ባይሄድም ሠርቶ ማደር ከቻለ በቂ ነው? እነዚህ በሕክምና መጽሐፍ ብቻ የማይመለሱ ጥያቄዎች ናቸው።

ጽሑፋችን አጭር እንደ መሆኑ የሚቀረው ብዙ ነው። ከሁሉ የሚያስቸኩለው በአዘዞ፣ በደምቢያና በእንፍራዝ ያሉ አረጋውያን ወጌሾች የሚያውቁትን፣ መልካሙንም ስሕተቱንም፣ ከቃላቸው ሰምቶ መጻፍ ነው። የታሪክ፣ የፍልስፍናና የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች ይህን ሥራ ተባብረው ቢይዙት በአንድ የክረምት ዕረፍት ብዙ ሊሰበሰብ ይችላል። መምህራኖቻችንም በምክር እንዲረዱን በአክብሮት እናሳስባለን።