የባሪ «ቴሴዎስና ሚኖታውር»

ፈረንሳዊው ቀራፂ አንቷን-ሉዊ ባሪ (1795–1875 እ.ኤ.አ.) በ1843 የሠራው ይህ የነሐስ ቅርጽ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት አለው። በግሪኮች አፈ ታሪክ የበሬ ራስ ያለው ሚኖታውር ከጀግናው ጋር ተጠምጥሞ ሲታገል፣ ቴሴዎስ ሰይፉን ይዞ ፊቱ ሳይረበሽ ይታያል። መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባው ግን የበሬው አንገት ነው፤ ባሪ ይህን ከአፈ ታሪክ አላገኘውም፣ በፓሪስ የዕፀዋት መናፈሻ በሕይወት ያሉትን አራዊት እያየ፣ የሞቱትንም እየለካ የተማረው ነው።

በ1848 ባሪ በዕዳ ከሠረ። ሞዴሎቹ ወደ ነሐስ አቅላጩ ኤሚል ማርቲን እጅ ገቡ፤ የገዛ ሥራውን ቅጂዎችም ለዓመታት ሌላው አስወጣ። ዕዳው ያልነካው ዕውቀቱን ብቻ ነበር። በ1854 በዚያው መናፈሻ የእንስሳት ሥዕል መምህር ሆኖ ተሾመ፤ ወጣቱ ሮዳንም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር።