የደመወዝ ጣሪያና ውሉን የጨረሰ ተጫዋች

መግቢያ

የውድድሩ ዓመት ሲያበቃ ተጫዋቹ ያርፋል፤ የቡድኑ አስተዳዳሪ ግን ዋናው ሥራው ያን ጊዜ ይጀምራል። ውላቸው ያለቀ ተጫዋቾች አሉ፤ ያስቀራቸው ወይስ ያሰናብታቸው? ከሌላ ቡድን ውሉን ጨርሶ የወጣ ሰው ያምጣ ወይስ በእጁ ያሉትን ወጣቶች ያሳድግ? በዚህ ላይ ደግሞ ሕግ የወጪውን ልክ ወስኖበት እንደ ሆነ ምርጫው እጅግ ይጠባል። ይህንን ልክ በአገራችን «የደመወዝ ጣሪያ» ብለን እንጠራዋለን።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው እንዲህ ያለው ጣሪያ በሦስት አገሮች እንዴት እንደ ተጀመረና ምን እንዳስከተለ ነው፤ ይኸውም በእንግሊዝ እግር ኳስ፣ በአሜሪካ ቅርጫት ኳስ፣ በመጨረሻም በአገራችን እግር ኳስ ነው። የደረስንበትን አሳብ አስቀድመን ብንናገር ለአንባቢ ይቀላል። ጣሪያ የሰውን ዋጋ አያጠፋውም፤ ቦታውን ያዛውረዋል። ስለዚህ አንድ ጣሪያ ደግ ወይም ክፉ መሆኑን ለማወቅ፣ በተወሰነው ደመወዝና በእውነተኛው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ማን እንደ ከፈለ፣ ማንስ እንደ ወሰደ መጠየቅ ይገባል። «ዓ.ም.» ካላልንበት በቀር ዓመቶቹን የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የእህል ተመን በሰሜን ሸዋ

ይህ ጥያቄ ለደነባ ሰው እንግዳ አይደለም። ደነባ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ከተማ ናት፤ በአካባቢዋ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባቄላና ምስር ይመረታል። በደርግ ዘመን፣ በ1976 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ትርፍ አምራች ከሚባሉት ክፍላተ ሀገር፣ ከነዚህም አንዱ ከነበረው ከሸዋ፣ እህልን በተወሰነ ተመን ይሰበስብ ነበር። ለገበሬ ማኅበር ኮታ ይደርሰዋል፤ ማኅበሩም ለየአባሉ ያከፋፍላል። ተመኑ ከገበያው ዋጋ በታች ነበር። ከዚህ የተነሣ ምርቱ ያነሰበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜ ነበረ። ይህ ሥርዐት የቀረው በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ከታወጀ በኋላ ነው።

እህልና የሰው ጉልበት አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እናስተውላለን። ተመኑ የእህሉን ዋጋ ሁለት አደረገው፤ አንዱ በመዝገብ የሚታይ፣ ሌላው በገበያ የሚነገር። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የከፈለው ደግሞ ለመክፈል አቅም ያነሰው ገበሬ ነው። ወደ ኳሱ ሜዳ ስንሻገር ይህንን መለኪያ ይዘን እንሻገር።

የእንግሊዝ ጣሪያ፤ ከ1901 እስከ 1961

የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በ1901 ማንኛውም ተጫዋች በሳምንት ከ4 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈለው ወሰነ። ምክንያቱ ሲመረመር ከንቱ አልነበረም፤ የትልቅ ከተማ ክለቦች በገንዘባቸው ብዛት ጥሩ ተጫዋቾችን ሁሉ እንዳይሰበስቡ ለመከልከል ነበር። ከዚሁ ጋር የተጣመረ ሌላ ሥርዐት ነበረ፤ ተጫዋቹ ውሉን ቢጨርስም እንኳ ክለቡ ስሙን በመዝገብ ይዞ ካልለቀቀው ወደ ሌላ ክለብ ሊሄድ አይችልም። እንግዲህ ውል መጨረስ ማለት ለዚያ ተጫዋች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነበር።

ጣሪያው ቀስ እያለ ከፍ ቢልም በ1958 የደረሰው ከ20 ፓውንድ ላይ ነው። በ57 ዓመት ውስጥ 5 እጥፍ ብቻ አደገ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉ ግን ወደ ሜዳው የሚገባው ሕዝብ እጅግ በዝቶ ነበር። ታዲያ ልዩነቱ ወዴት ሄደ? አንዱ ክፍል በስውር ተከፈለ፤ በ1957 የሰንደርላንድ ክለብ ከተፈቀደው በላይ ለተጫዋቾች ከፍሎ ስለ ተገኘ 5,000 ፓውንድ ተቀጣ፣ ከመሪዎቹም የታገዱ ነበሩ። ሌላው ክፍል ወደ ውጭ አገር ተሰደደ፤ በዚያው ዓመት ጆን ቻርልስ የተባለው ታላቅ አጥቂ ከሊድስ ወደ ኢጣልያ ክለብ ወደ ዩቬንቱስ በ65,000 ፓውንድ ተሸጠ። የተረፈው በክለቡ እጅ ቀረ። የሚያገባውን ተጫዋች ለማየት ሕዝቡ ገንዘብ ይከፍላል፤ ተጫዋቹ ግን ከተወሰነው ደመወዝ አያልፍም።

በጂሚ ሂል የተመራው የተጫዋቾች ማኅበር ሥራ እንደሚያቆም ካስታወቀ በኋላ በጥር 1961 ጣሪያው ፈረሰ። ወዲያውም የፉልሃሙ ጆኒ ሄይንዝ በሳምንት 100 ፓውንድ ተከፋይ ሆነ። በ1963 ደግሞ በጆርጅ ኢስተም ክስ ዳኛው ዊልበርፎርስ፣ ውሉ ያለቀን ሰው አስሮ ማቆየት ሠርቶ የማደርን መብት የሚነካ ነው ብለው ፈረዱ። ስለዚህ የእንግሊዝ ጣሪያ ከላይ በትእዛዝ ተጭኖ፣ ከገቢ ጋር ሳይተሳሰር፣ ለ60 ዓመት ቆይቶ ወደቀ።

የአሜሪካ ጣሪያና የክረምቱ ምርጫ

በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ በ1946 ሲመሠረት ለእያንዳንዱ ቡድን 55,000 ዶላር ጣሪያ ተደርጎ ነበር፤ ግን ብዙ አልቆየም። ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። በ1970 የተጫዋቾቹ ማኅበር ሊቀ መንበር የነበረው ኦስካር ሮበርትሰን፣ ተጫዋችን ለአንድ ቡድን አስሮ የሚያኖረውን ሥርዐት በመቃወም ከሰሰ። ክሱ በ1976 በስምምነት ሲያልቅ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ወደ ሌላ ቡድን የሚሄድበት በር በጥቂቱ ተከፈተ። በሩ ሲከፈት ደመወዝ ጨመረ፤ ከቡድኖቹም ብዙዎቹ ኪሳራ ላይ ነን ብለው ጮኹ።

በመጋቢት 1983 የሊጉ ኃላፊ ላሪ ኦብራየንና የተጫዋቾቹ ወኪል ላሪ ፍላይሸር አንድ ውል ተዋዋሉ። ይህ ውል ከእንግሊዙ የሚለይባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ጣሪያው የተደረገው በአንድ ሰው ደመወዝ ላይ ሳይሆን በቡድኑ ጠቅላላ ወጪ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ከሊጉ ገቢ 53 በመቶው ለተጫዋቾች እንዲሆን ቃል ተገባ። ሦስተኛ፣ የሚወሰንባቸው ሰዎች ራሳቸው በወኪላቸው አማካይነት ፈርመውበታል። የመጀመሪያው ጣሪያ ለ1984–85 የውድድር ዘመን 3.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከገቢ ጋር ስለ ተሳሰረም ከቤቱ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ለ2025–26 ዘመን 154.6 ሚሊዮን ዶላር ሆኗል፤ ይህም ከፊተኛው 43 እጥፍ ያህል ነው። የእንግሊዙ ጣሪያ በ57 ዓመት 5 እጥፍ ብቻ ማደጉን አንባቢ ያስታውስ።

ይህ ጣሪያ ብዙ በር ያለው ስለ ሆነ አስተዳዳሪው በበጋ ዕረፍታቸው ወራት የሚያደርገው ሒሳብ የተወሳሰበ ነው። ወጪው ከጣሪያው በታች የሆነ ቡድን በቀረው ቦታ ልክ ከሌላ ቡድን ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ሊያመጣ ይችላል። ከጣሪያው በላይ የሆነ ቡድን ደግሞ የራሱን የቆየ ተጫዋች ለማስቀረት ይፈቀድለታል፤ ይህ ፈቃድ በቦስተኑ ላሪ በርድ ስም ይጠራል። ነገር ግን የዚያ ተጫዋች ስም እስኪፈርም ወይም ቡድኑ መብቱን እስኪተው ድረስ በሒሳቡ መዝገብ ላይ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ቡድኑ ሌላ ሰው ለማምጣት ሲፈልግ የቆየውን ሰው መብት በይፋ መልቀቅ ግድ ይሆንበታል። ከዚህ ሌላ ከ1999 ስምምነት ወዲህ ጣሪያውን ያለፈ ቡድን ለመካከለኛ ተጫዋች የሚጠቀምበት የተወሰነ ፈቃድ አለ፤ በዝቅተኛው ደመወዝ መቅጠርም ሁልጊዜ የተፈቀደ ነው።

የላሪ በርድ በር ምን ያህል ሰፊ እንደ ነበረ አንድ ምሳሌ ያሳያል። በ1997–98 የአንድ ቡድን ጣሪያ 26.9 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ የቺካጎው ማይክል ጆርዳን ብቻውን ከ33 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፈለው ነበር። ባለቤቶቹ በዚህ ተደናግጠው በ1998 ሜዳውን ዘጉ፤ የውድድሩም ዘመን ወደ 50 ጨዋታ አጠረ። በ1999 በተደረገው ስምምነት ለእያንዳንዱ ሰው ደመወዝም ልክ ተደረገለት፤ ከመጠን በላይ በሚያወጣ ቡድን ላይም ግብር ተጣለ። በ2023 ስምምነት ደግሞ ሁለተኛውን የወጪ ወሰን ያለፈ ቡድን ያን መካከለኛ ፈቃድ እንዲያጣ ሆነ። በዚህም ቢሆን ልዩነቱን የሚከፍል ሰው አልጠፋም። በቡድኑ ላይ የተደረገው ጣሪያ በጣም የሚጫነው መካከለኛውን ተጫዋች ነው፤ ታላቁ ኮከብ ድርሻውን ከወሰደ በኋላ ለቀሩት የሚተርፈው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ብዙ ልምድ ያለው ሰው በዝቅተኛው ደመወዝ ለመፈረም ይገደዳል።

የአገራችን ጣሪያ

ወደ አገራችን ስንመለስ ሁኔታው ሌላ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የኢትዮጵያ ክለቦች ብዙ ዘመን ያለፉት በደጋፊዎች መዋጮ፣ በመንግሥት ድርጅትና በጦር ሠራዊት ጥላ ሥር ነው። ዛሬም እንደ ፋሲል ከነማና ባሕር ዳር ከነማ ያሉት የከተማቸውን አስተዳደር ይዘው፣ እንደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያለው ደግሞ የመንግሥትን ባንክ ይዞ ይወዳደራሉ። በሌላ አነጋገር የብዙው ተጫዋች ደመወዝ የሚወጣው ከሕዝብ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝና በአሜሪካ የክርክሩ ወገኖች ባለቤቱና ተጫዋቹ ሲሆኑ፣ በእኛ ዘንድ ሦስተኛ ወገን አለ፤ እርሱም ግብር ከፋዩ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ፌዴሬሽኑና የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች ተወያይተው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። የአሳቡ መነሻ ቅን ነው፤ የውሃ ቧንቧ ያልገባለት ቀበሌ ባለበት ከተማ ለአንድ አጥቂ በየወሩ ብዙ ሺህ ብር መክፈል ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ዳሩ ግን በታሪክ መለኪያ ስናየው ይህ ጣሪያ የሚመስለው የአሜሪካውን ሳይሆን የእንግሊዙን ነበር። በቡድኑ ጠቅላላ ወጪ ላይ ሳይሆን በየሰዉ ደመወዝ ላይ የተደረገ ነበር፤ ከሊጉ ገቢ ጋር አልተሳሰረም ነበር፤ ውሳኔውም የከፋዮቹ ወገን ውሳኔ ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ በብር ቁጥር የተወሰነ ጣሪያ ማንም ሳይነካው በየዓመቱ እየወረደ መሄዱ ነው። በ2022 የአገራችን የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። እንዲህ ባለ ጊዜ 50,000 ብር በወረቀት ላይ እንደ ቆመ ቢኖርም የሚገዛው ነገር ያንሳል። ሁለተኛው፣ በየሰዉ ላይ የተደረገ ጣሪያ ሀብታሙን ክለብ ከድኻው ጋር አያስተካክለውም። ሁለቱም ለአንድ ተጫዋች እኩል 50,000 ብር የሚሰጡት ከሆነ፣ ተጫዋቹ የሚመርጠው ደመወዙን በጊዜው የሚከፍለውን፣ ቤት የሚያዘጋጅለትን፣ በዋና ከተማ የሚኖረውን ክለብ ነው። የክፍለ ሀገሩ ክለብ ከተወዳዳሪው የሚበልጥበት አንድ መንገድ ቢኖር ጥቂት ጨምሮ መክፈል ነበር፤ ይህም በሕግ ተዘግቶበት ነበር።

መደምደሚያ

ከላይ ካየነው ሦስት ነገሮችን እንሰበስባለን። የሚጸና ጣሪያ ከገቢ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ መሆን አለበት። ወሰኑ በክለቡ ጠቅላላ ወጪ ላይ ቢደረግና ሒሳቡ በየዓመቱ ለሕዝብ ቢገለጥ፣ በስውር የሚከፈለው ነገር ይቀንሳል፤ ገንዘቡ የሕዝብ በሆነበት አገር ደግሞ ይህ የውዴታ ግዴታ ሊሆን ይገባዋል። በመጨረሻም ደመወዙ የሚወሰንበት ሰው በጉባኤው ላይ ወኪል ሊኖረው ይገባል።

ጣሪያ ከናካቴው አያስፈልግም የሚሉ እንዳሉ እናውቃለን። የከተማ ገንዘብ ጠባቂ ያጣ እንደ ሆነ ግን «ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል» የተባለው ይደርሳል፤ ስለዚህ ጣሪያው ይኑር እንላለን። ሆኖም ነገሩ የሚነካው ታዋቂዎቹን ጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም። ከደነባና ከመሰሏት የወረዳ ከተሞች በጨዋታው ተመርጦ የሚወጣ ልጅ ትምህርቱን አቋርጦ የሚሄድ ቢሆን፣ ሊያገኝ የሚችለው የሥራ ዘመን ዐሥር ዓመት ያህል ነው። በእነዚያ ዓመታት ውሉ ያለቀበት ቀን ዋጋውን በነጻ የሚጠይቅበት ጊዜው ነው። ያን ቀን ልዩነቱን እርሱ ብቻ እንዲከፍል የሚያደርግ ሥርዐት፣ በውድ ገዝቶ በርካሽ ካስረከበው ገበሬ ታሪክ የሚለየው በስሙ ብቻ ነው።