የማይጸና ጋብቻ፤ ታሪክ በእንተ ማርቆስ ምዕራፍ 6 ቍጥር 18

ዮሐንስ መጥምቅ ሄሮድስን የገሠጸው ሚስትህን ፍታ ብሎ አይደለም፤ ሄሮድያዳ ከቶ ሚስቱ ልትሆን አይገባትምና ነው እንጂ። የተፈታ ጋብቻ አስቀድሞ የጸና ነበረ፤ የፈረሰ ጋብቻ ግን ከመጀመሪያውም አልቆመም። ሙሴ ያለ ልጅ የሞተ ወንድሙን ሚስት እንዲያገባ አዝዞ የለምን ቢሉ፣ የሄሮድስ ወንድም በሕይወት ነበረ፤ ልጅም ነበረችው።

ታሪክ። ይህ ተግሣጽ በኢትዮጵያም ተደግሟል። ከላሊበላ በላይ በተራራው ከዐለት የተፈለፈለችው አሸተን ማርያም፣ ትውፊት ለነአኵቶ ለአብ የሚሰጣት፣ የላስታ ነገሥታት ዘመን ምስክር ናት። መንግሥት ከዚያ ቤት ወደ ይኵኖ አምላክ በ1270 በፈረንጅ ቍጥር ተሻገረ። የልጅ ልጁ ዐፄ ዐምደ ጽዮን፣ ከ1314 እስከ 1344 የነገሠው፣ የአባቱን ሚስት እንዳገባ በገድላት ተጽፏል። አቡነ አኖሬዎስ ዘጽጋጃ በፊቱ ቆሞ ዘለፈው፤ ንጉሡም አስገረፈው፤ የፈሰሰው ደም እሳት ሆኖ ከተማውን እንዳቃጠለ ይተረካል። መነኮሳቱም ተሰደዱ።

ያን ጊዜ ፍትሐ ነገሥት ገና በግዕዝ አልነበረም። ግብጻዊው አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በ13ኛው ምእት በዐረብኛ ያሰናዳው ይህ መጽሐፍ ወደ ግዕዝ የተመለሰው፣ እንደ ትውፊቱ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። አባቶች በእጃቸው የነበረው ዘሌዋውያን 18 እና ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ነበር። ዳኛውም ራሱ ተከሳሹ ነበረና ፍርዱ በጀርባቸው ላይ ወደቀ።

ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 24 ነገሩን አሰፋው። የሥጋ ዝምድና ብቻ አይደለም፤ አማችነት፣ የክርስትና ልጅነት፣ የማደጎ ልጅነት፣ የምንኵስና ስእለትም ጋብቻን ይከለክላሉ። የሁለቱ ፈቃድ ከሌለም ጋብቻ የለም። በዚህ በመጨረሻው ወላጆች ብዙ በድለዋል፤ በደጋው አገር ልጅቱ ሳትጠየቅ ስንቱ ሠርግ ተደግሷል!

ቤተ ክርስቲያን ዝምድናን እስከ ሰባት ቤት ትቈጥራለች። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ግን በጎን ከሚቈጠሩት የሥጋ ዘመዶች እኅትና ወንድምን፣ አክስትና አጎትን ብቻ ከልክሎ ሌላውን ተወ። ስለዚህ የአጎቱን ልጅ ያገባ ሰው ጋብቻው በካህን ፊት ባይቆም በዳኛ ፊት ይቆምለታል። የአባት ሚስት ነገር አልተለወጠም፤ በዚህም ሕግ ይፈርሳል፤ ማመልከቻውንም ዐቃቤ ሕግ ሊያቀርብ ይችላል።