ደገኛው ገበሬና የምንጩ ውሃ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ዛሬ የምናገረው ስለ መጠጥ ውሃ ነው። በአማራ ክልል ደጋማ ቦታዎች ገበሬው ውሃውን ራሱ አሠርቶ፣ ራሱ ማስተዳደር እንዴት እንደ ጀመረ ነው የምናየው። ታሪኩ ሩቅ አይደለም። አብዛኛው የሆነው ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር የምጠራቸው ሰነዶቹ በዚያው ስለተጻፉ ነው። 7 ወይም 8 ዓመት ቀንሱና የእኛን ታገኛላችሁ።

ደጋ ውሃ አያጣም ይባላል። እውነት ነው፤ ዝናቡ አለ፣ ምንጩም አለ። ነገር ግን መንደሩ ኮረብታ ላይ ነው፣ ምንጩ ደግሞ ከገደሉ ሥር። ዝናቡ በአፈሩ ሰርጎ ይወርድና ጠንካራ ድንጋይ ሲያግደው ወደ ጎን ሄዶ በቁልቁለቱ ላይ ይፈልቃል። የምንጭ ዓይን የምንለው ይህንን ነው። ስለዚህ ሴቲቱ ቁልቁል የምትወርደው ባዶ እንስራ ይዛ ነው፤ አቀበቱን የምትወጣው ግን ሞልታ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ የሚመላለሰው ማን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። አብራ የምትወርደው ልጅ ደግሞ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት መሆን ነበረባት።

ውሃውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ከብቱ ከዚያው ይጠጣል። ክረምት ሲሆን ጎርፉ ከላይ ያለውን ፋንድያና የሰው ዓይነ ምድር ጠራርጎ ወደ ምንጩ ያወርደዋል። ሕፃኑን ተቅማጥ የሚይዘው ከዚህ ነው።

ለመሆኑ ሰዉ ውሃ ማስተዳደር አያውቅም ነበርን? ያውቅ ነበር እንጂ። በመስኖ የሚያለሙ መንደሮች «የውሃ አባት» ይመርጣሉ። የውሃ አባት ማለት ተራ የሚያስይዝ፣ ቦዩ ሲደፈን ሰው የሚጠራ፣ ተራ ያፈረሰውን የሚቀጣ ሰው ነው። ደቦውም ወንፈሉም እድሩም ነበር። የእድር ዳኛ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ይቆጥራል፣ ያስቀምጣል። ይህን ያነሣሁት በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

በቀድሞው አሠራር የገጠር ውሃ ሲሠራ ሁሉን የሚያደርገው መሥሪያ ቤቱ ነበር። መሐንዲሱ ይመጣል፣ ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ፓምፑ ይተከላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ መኪናው ይመለሳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፓምፑ ይሰበራል። ሰዉ ታዲያ «የመንግሥት ውሃ ነው፣ መንግሥት ይጠግነው» ብሎ ይቀመጣል፤ ሴቶቹም ወደ ድሮው ምንጭ ይመለሳሉ። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ገበሬውን ይወቅሳሉ። እኔ አልወቅሰውም። ዋጋውን ያልነገሩትን፣ መለዋወጫው የት እንደሚሸጥ ያላሳዩትን፣ መፍቻውን ያልሰጡትን ዕቃ እንዴት ይጠግነው?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። በአፍሪካ ደቡባዊ ምሥራቅ ባለችው በማላዊ እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ሥራ ተጀመረ። እዚያ ሙላንጄ የሚባል ትልቅ ተራራ አለ። ከተራራው የሚወርደውን ውሃ ያለ ሞተር፣ በቁልቁለቱ ብቻ በቧንቧ ወደ መንደሮች ማውረድ ተቻለ። መንግሥት ቧንቧውንና ባለሙያውን አቀረበ፤ ቦዩን የቆፈሩትና ቧንቧውን የቀበሩት የየመንደሩ ሰዎች ናቸው። ኮሚቴ አቋቁመው ቦኖውን የሚጠብቁትም እነርሱው ሆኑ።

የእጅ ፓምፕም ታሪክ አለው። አፍሪዴቭ የሚባለው ፓምፕ በማላዊ ተጀምሮ፣ በ1980ዎቹ ዓመታት በኬንያ ተሻሽሎ የወጣ ነው። ሲሠራ የታሰበው ለመንደር ሰው ነው። ጎሚኒው ሲያልቅ፣ ዘንጉ ሲላቀቅ፣ አብዛኛውን ጥገና በአንድ መፍቻ መሥራት ይቻላል። ክሬን አይፈልግም፤ ከከተማ መካኒክ አያስጠራም። ጥቂት ቀን የሠለጠነች የመንደር ሴት ትፈታዋለች፣ ትገጥመዋለች። ይህ ፓምፕ በእኛም አገር ገጠር በብዛት ተተክሏል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1994 የኢትዮጵያና የፊንላንድ መንግሥታት በአማራ ክልል የገጠር ውሃ አቅርቦትና የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ጀመሩ። ምንጭ ይጎለብታል፣ የእጅ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ሰዉ ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚወጣው አሁንም በመሥሪያ ቤት በኩል ነበር። ሲሚንቶው የሚገዛው በሹም ፊርማ ነው። ፊርማው ሲዘገይ ድንጋዩ ተከምሮ ይቆያል፤ ክረምቱም ይገባል።

በ2003 ትልቁ ለውጥ መጣ። ገንዘቡ ራሱ ለመንደሩ ይሰጥ ተባለ። አሠራሩ መጀመሪያ የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ ተባለ፤ በኋላ በማኅበረሰብ የሚመራ ፕሮጀክት የሚለውን ስም አገኘ። ማንበብ በማይችል ገበሬ እጅ የመንግሥትና የእርዳታ ገንዘብ እንዴት ይገባል የሚለው ስጋት መኖሩ አይገርምም። ግን እድሩን አስታውሱ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ውሃ የፈለገ መንደር ተሰብስቦ ኮሚቴ ይመርጣል። ከኮሚቴው ውስጥ ሴቶች መኖር አለባቸው፤ ገንዘብ ያዥነቱን ለሴት የሰጡ መንደሮች ጥቂት አይደሉም። ኮሚቴው ማመልከቻ ጽፎ ለወረዳው ያቀርባል። ባለሙያው መጥቶ ቦታውን ያያል። ሲፈቀድ ውል ይፈረማል፤ ገንዘቡም በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በኋላ ፀደይ ባንክ በሆነው፣ በመንደሩ ስም ይገባል። በአንድ ጊዜ ግን አይለቀቅም። የመጀመሪያው ክፍያ በምን ላይ እንደዋለ ደረሰኝ ካልቀረበ ሁለተኛው አይመጣም። ግንበኛ የሚቀጥረው፣ ሲሚንቶና ብረት የሚገዛው ኮሚቴው ነው። መንደሩ በበኩሉ ጉልበት፣ ድንጋይ፣ አሸዋና ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ቆጥቦ ማሳየት አለበት።

እኔ አስተማሪ ነኝና ዓይኔ የሚያርፈው ደብተሩ ላይ ነው። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ይጽፋል። ገንዘብ ያዧ ገቢና ወጪ ትመዘግባለች። ባለ ሱቁ 10 ከረጢት ሲሚንቶ ሸጦ 12 ብሎ ቢጽፍ ማንበብ የቻለ ያያል። ስሌትም አለ። አንድ ምንጭ 20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሴኮንድ ይሞላል እንበል። በሰዓት 1,800 ሊትር፣ በ24 ሰዓት 43,200 ሊትር ይሰጣል። መንግሥት በ2015 በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ለአንድ የገጠር ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ እንዲያገኝ ወስኖ ነበር። አካፍሉት፤ ለ1,728 ሰው ይበቃል። ሌሊት የሚፈሰውን የሚያጠራቅም ማጠራቀሚያ ከሌለ ግን አይበቃም። እርሳስ አንሡና ራሳችሁ አስሉት።

ውጤቱስ? ሥራው ፈጠነ። መንደሮቹ ራሳቸው ካሠሯቸው የውሃ ተቋማት አብዛኞቹ ከዓመታት በኋላም ሲሠሩ ተገኙ። በ2011 ኮዋሽ የሚባለው ፕሮጀክት አሠራሩን ወደ ሌሎች ክልሎች ወሰደው።

ሁሉም ሠመረ ማለት ግን አይደለም። ከየቤቱ የሚሰበሰበው ብር ሳይጨምር የጎሚኒና የቧንቧ ዋጋ ይጨምራል። ያኔ የተቆጠበው ዛሬ ግማሹን ዕቃ አይገዛም። መለዋወጫ የሚሸጥበትም ከተማ ከብዙ መንደር የአንድ ቀን መንገድ ነው።

የመጸዳጃው ነገር ደግሞ የዘገየ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በኢትዮጵያ ከ100 ሰው 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዳ ነበር። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሲመደቡ ቤት ለቤት እየዞሩ ጉድጓድ አስቆፈሩ። በ2015 ቁጥሩ ወደ 29 ወርዶ ነበር። ተራራማ አገር ላይ የመጸዳጃው ቦታ ከምንም በላይ ይታሰብበታል፤ ጉድጓዱ ከምንጩ በላይ ከሆነ ያ ሁሉ ሲሚንቶ በከንቱ ነው። ስለዚህ ከምንጩ በታች፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቆፈራል። መክደኛም ያስፈልገዋል፤ ዝንቡ ከጉድጓዱ ወጥቶ እንጀራው ላይ እንዳያርፍ።

በምንጩ ዙሪያ አጥር ይታጠራል፤ ከበላዩ ጎርፉን የሚመልስ ቦይ ይቀደዳል፤ የከብቱ ገንዳ ከቦኖው በታች ራቅ ብሎ ይሠራል። ይህ ሁሉ በኮሚቴው እጅ ነው። በእጁ የሌለው የተራራው አናት ነው። ምንጩን የሚመግበው ዝናብ የሚሰርገው እዚያ ነው፤ አናቱ ከተራቆተና ከታረሰ ውሃው ከመስረግ ይልቅ በጎርፍ ይወርዳል፣ በጋ ላይም የምንጩ ዓይን ይቀጥናል። አናቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሌላ ቀበሌ መሬት ነው። በዚያ ላይ የሚያርሰው ገበሬ ከዚህ ምንጭ አይቀዳም። ከእርሱ ጋር ተቀምጦ የመነጋገሩን ሥራ የሚያሳይ አንቀጽ በኮሚቴው ውል ውስጥ የለም።